ናፍጣ የነካው ፋይበር

የቆላ ሰው መጠበቅ ያውቅበታል። ይኼን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስለሌለን ነው። ዝናብ እንጠብቃለን፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ እስኪያባራ እንጠብቃለን። ሰሊጡ እስኪደርስ፣ ከደረሰ በኋላ አጫጅ እስኪመጣ፣ ከታጨደ በኋላ ዋጋ እስኪቆረጥ፣ መንገድ እስኪከፈት፣ መብራት እስኪመለስ እንጠብቃለን። ወባ ይዞን ጤና ጣቢያ ስንሰለፍ እንኳ አንዳንዴ ተራችን ሳይደርስ ትኩሳቱ ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል። ታዲያ ይኼን ሁሉ ችሎ የኖረ ሰው፣ ስልኩ ላይ የምትሽከረከር አንዲት ክብ ነገር ለግማሽ ደቂቃ ስታስጠብቀው ለምን ያብዳል? እኔ አብጄ ስለነበር ነው የምጠይቀው።

ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቄ ከፊት፣ ቤቴ ከጀርባ ነው። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ስለሆነ እናቴ "አንተ ቤት ትገባለህ እንጂ ከሥራ አትወጣም" ትለኛለች። ባለፈው ዓመት ቤቴ ፋይበር ኢንተርኔት ሲገባ ለጎረቤቱ ሁሉ "ለሥራዬ ነው፤ ዕቃ በኢንተርኔት ልፈልግበት ነው" ብዬ አወራሁ። ውሸቴን ነው። ያስገባሁት ለእናቴ ነው፤ እናቴም የፈለገችው ለታናሽ ወንድሜ ለያሲን ነው።

ያሲን ገዳሪፍ ነው ያለው። ለማያውቀው ሰው ገዳሪፍ ሱዳን ነው፣ የሰው አገር ነው። ለእኛ ግን ድሮ ጎረቤት ነበር። ጠዋት መተማ ዮሐንስ ትወርዳለህ፤ ድንበሩን በእግርህ ተሻግረህ ጋላባት ትገባለህ፤ ከዚያ መኪና ይዘህ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት ገዳሪፍ ትደርሳለህ። ያሲን የማሽላ መውቂያ ማሽን እጠግናለሁ ብሎ ሄደና እዚያው ቀረ። እናቴ "ልጄ ሩቅ ሄደብኝ" ብላ አታውቅም ነበር። በርበሬና ሽሮ ቋጥራ ትሄዳለች፤ አንድ ሳምንት ሰንብታ፣ የሱዳን ሽቶ ሸትታ ትመለሳለች። ማዶ ያለን ሰው ማን ሩቅ ይለዋል? ከዚያ ማዶው ተበጠበጠ። መንገዱ አንዴ ተዘጋ ይባላል፤ አንዴ ተከፈተ ይባላል፤ ተከፈተ ሲባል የሄደው ደግሞ አይመለስም። ገዳሪፍ ከቦታው ስንዝር ሳይነቃነቅ ከጅዳ የባሰ ራቀ።

ያሲን ታመመ የሚለውን የሰማነው ከረመዳን በኋላ ነው። እሱ እንደሚለው ወባ ነው። በየጁምዓው ከሰላት በኋላ ሲደወልለት "ለቀቀኝ እማ፣ አልሃምዱሊላህ" ይላል። በሚቀጥለው ጁምዓም "ለቀቀኝ" ይላል። በየሳምንቱ የሚለቅ ወባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ሰባ ዓመት ከወባ ጋር ኖራ አላየችም። "ድምፅ ይዋሻል፣ ፊት አይዋሽም፤ የልጄን ፊት አሳየኝ" አለች። የሞባይሉ ዳታ ባሻው ጊዜ የሚመጣ፣ ባሻው ጊዜ የሚሄድ ስለሆነ ፋይበር አስገባሁ። ታሪኩ ይኼው ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ደኅና ነበር መሰለኝ። "መሰለኝ" ያልኩት ደኅናውን ጊዜ ማን ልብ ይለዋል? ልብ ያልኩት መበላሸቱን ነው። መስከረም ሲጠባ ያሲን ስክሪኑ ላይ መምጣት አቆመ። የሚመጣው አንድ ቡናማ ነገር ነው። ቡናማው ነገር ትንሽ ይቆይና አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል፤ አፍንጫው እዚህ፣ ጆሮው ግድግዳው ላይ፤ አፉ ይንቀሳቀስና ከቆይታ በኋላ "እማ" የሚል ድምፅ ይደርሳል። ከዚያ ክቧ ትመጣለች። ትሽከረከራለች። እናቴ የምታናግረው ልጇን ይሁን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አልለይላት አለ።

የሚያናድደው ደግሞ ጥፋቱ ከእኛ መሆኑ ነው። ያሲን የተከራየበት ቤት ጎን አንድ ነጋዴ የሳተላይት ኢንተርኔት ተክሏል፤ ገና ስትነካው ነው የሚከፍተው አሉ። አገሩ ታምሶ፣ እንጀራው ጠፍቶ፣ ኔቱ ግን ይሮጣል። እኛ ከነሰላማችን (ባይሆን ከነግማሽ ሰላማችን) እንቆራረጣለን። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የተባለው ፋይበር ላስገባ ሰው ነው። ያሲን ራሱ ይስቅብናል። "ኔታችሁ ነው እንጂ የማያሳየኝ፣ እኔስ እንደ ሱዳን በሬ ወፍሬያለሁ" እያለ ካሜራው ፊት ይወዛወዛል። እኛ የምናየው ቡናማው ነገር ሲወዛወዝ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጁምዓ ከስልኩ በኋላ እናቴ ጓዳ ገባች። ስትወጣ የጨርቅ ጓዟን ቋጥራለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የያሲን የድሮ ጋቢ። በሩ አጠገብ አስቀመጠችውና ለመጪው ጁምዓ የልጄን ፊት ካላየሁ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ አለች። ሳቅኩ። ሰባ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን አሟት ሰላቷን ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው። ግን ሳቄ አልቆየም። እናቴ ጉልበት በነበራት ጊዜ መኪና ጠፍቶ ኮኪት ድረስ በእግሯ ለቅሶ የደረሰች ሴት ናት፤ ሟቿን ደግሞ በወጉ አታውቃትም። ለማታውቃት ሴት ኮኪት የሄደች ለልጇ የት ትቀር ነው? የድንበሩን መንገድ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ጎልማሳ እንኳ አይደፍረውም። እናቴን ለማስቀረት በእጄ ያለው አንድ ሳምንትና አንድ ሽቦ ነበር።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባላል። ችግሩ ሁሉም ሰው ሥር የሚለው የሚያውቀውን ብቻ ነው። ሐኪም ሥሩ ደም ነው ይላል፤ ደብተራ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ እኔ ሥሩ ናፍጣ ነው እላለሁ። ሃያ ዓመት ትራክተር ጉልበት አነሰው የሚል ገበሬ ሲመጣብኝ የምጠይቀው አንድ ነው። ናፍጣው ይደርሳል ወይ? ታንከሩ ሞልቶ ሞተሩ የሚያለከልክ ከሆነ መሐል ላይ የዘጋ ነገር አለ። ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ወይ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይ ናፍጣውን የሚረጨው የኖዝሉ አፍ ተደፍኗል። እንደ እኔ እንደ እኔ ዓለም ሁሉ ቱቦ ነው። የሰው ልብም፣ የመንግሥት ቢሮም፣ የሰሊጥ ገበያም፤ አንድ ቦታ ላይ አንድ የተደፈነ ነገር አለ፤ እሱን ያገኘ ጌታ ነው። ኢንተርኔት ከዚህ በምን ይለያል?

ቅዳሜ ወደ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። አንዲት የተቀዳች ሴት ለእነሱ በጣም አስፈላጊ ሰው መሆኔን ነገረችኝና ዘፈን ከፈተችልኝ። አስፈላጊነቴን እየሰማሁ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ እውነተኛ ሰው መጣና ራውተሩን አጥፍቼ እንዳበራው መከረኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ቀልድ አይደለም፣ ይኼን መድኃኒት ማን እንዳገኘው አላውቅም፤ ለሰውም ቢሠራ ኖሮ ያሲንን አንድ ጊዜ አጥፍተን እናበራው ነበር። አልሠራም።

እሑድ ራውተሩን ስዳስሰው ይፋጃል። የቆላ ሙቀት ለሰው የሚሰጠውን ለዕቃም ይሰጣል፤ አያዳላም። ቤቱ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው፤ እናቴ ላይ የነበረውን አዞርኩና ራውተሩ ላይ ገጠምኩት። እናቴ እያላበች አየችኝ። "እኔ ልሙት፣ እሱ ይቀዝቅዝ?" አለች። ለያሲን ነው አልኳት። ለያሲን ከሆነ ይሁን ብላ በመሐረቧ ማራገብ ጀመረች። ራውተሩ ቀዘቀዘ፤ ኢንተርኔቱም ከእሱ ጋር አብሮ የቀዘቀዘ ይመስል ነበር።

እንግዲህ ሰኞ ነው ጉዱ የተፈጠረው። ሳስበው ሳስበው የኖዝሉን አፍ አላየሁትም። ራውተሩ ውስጥ የሚገባው የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ራስ አለው፤ ነቀልኩት። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ የምታህል ነገር አለች። እህ አልኩ፤ ይኼ ኖዝል ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን? አንዴ "እፍ" አልኩበት። ከዚያ ሱቅ ገብቼ ኖዝል የምወለውልባትን ጨርቅ አመጣሁ፤ ጫፏን ናፍጣ ነካ አድርጌ ጥርት አድርጌ ወለወልኩት። ማድረቂያ ብዬ በሸሚዜ ጠረግኩት። እንዲህ የተወለወለ ነገር በገንዳ ውሃ ታሪክ የለም። መልሼ ስሰካው ያ ምስኪን ራውተር ቀይ መብራት አውጥቶ ይጠቅሰኝ ጀመር። በትራክተር ቋንቋ ቀይ መብራት ማለት ዘይት አለቀ ማለት ነው፤ በዚህኛው ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅኩም። ግን መልካም ምኞት አለመሆኑ ገብቶኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉ እሷ ቢያንስ የሚለቀም ነበራት።

ማክሰኞ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ ተመዘገብኩ፤ ኢንሻአላህ ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። እናቴ በየሁለት ሰዓቱ ቋጠሮዋን ታየዋለች። አንዴ ፈትታ ያልጨመረችው ነገር ትዝ ብሏት የሰሊጥ ዘይት ጨመረች። እኔ ያን ቋጠሮ በዓይኔ ማየት ስላቃተኝ በጓሮ በኩል እገባ ጀመር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ትዕግሥት የምትባል ቴክኒሺያን መጣች። ከደጋ በቅርብ የተዛወረች ናት፤ ሙቀቱ ፊቷን አቅልቶታል፤ አንድ ጣሳ ውሃ ሳትቀመጥ ጠጣች። ሽቦውን ነቅላ በአንዲት ትንሽ መነጽር አየችው። ደግማ አየችው። ከዚያ ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ይኼን ማን ነካው አለችኝ። ማንም፣ ንፋስ ይሆናል አልኩ። "ጋሼ፣ ንፋስ እኮ ናፍጣ አይሸትም" አለች። ሱቄን፣ እጄን፣ ሸሚዜን በየተራ አየችና ሌላ አልጠየቀችኝም። ሰው ሳይጠየቅ እንደሚያፍረው ተጠይቆ አያፍርም።

እያጸዳች አስረዳችኝ። በዚህ ሽቦ ውስጥ የሚሄደው ናፍጣ አይደለም፤ ብርሃን ነው። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ የጣት ወዝ ለእሱ ግድግዳ ነው። ናፍጣማ ተራራ ነው። በልዩ መጥረጊያ ጫፉን ጠረገችው፤ በመለኪያ ለካችው፤ ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል አለች። ቀዩ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ስልኬን ከፈትኩ። ክቧ መጣች። ትሽከረከራለች።

ትዕግሥት ግራ ገባት። ላፕቶፗን አውጥታ ራውተሩ ውስጥ ገባችና ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት። ስልካችሁስ? ሁለት፤ የእናቴ ባለ ቁልፍ ናት፣ ኢንተርኔት አታውቅም፤ ስለዚህ አንድ አልኳት። ሃያ ሦስት ስልክ ተያይዟል አለችኝ። ሃያ ሦስት! ሁለታችንም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየን።

ከአጥራችን ውጭ ኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ዚር አለ፤ ትልቅ የሸክላ ውሃ መያዣ ነው፤ ክዳኑ ላይ ጣሳ ይቀመጣል። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ለመንገደኛ ብሎ ያስቀመጠው ነው። አላፊ አግዳሚው ይጠጣል፤ ማንም ማንን አያስፈቅድም። በዚህ አገር ውሃ የከለከለ ቤት ስሙ አይነሳም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ዚሩን ጠዋትና ማታ የምታስሞላው እናቴ ናት። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች ቀጣሪ እስኪመጣላቸው የሚቀመጡት እዚያ ጥላ ሥር ነው። ዛሬም ተቀምጠዋል። ሁሉም ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ከሰው ጋር ያወራል።

ወጥቼ በዕድሜ ጠና ያለውን ይበልጣል የሚባለውን የጎጃም ሰው የይለፍ ቃሉን ከየት እንዳገኙ ጠየቅኩት። ተደብቆ የሰረቀ ሰው ይደነግጣል ብዬ ነበር። ይበልጣል ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። "እማማ ናቸው የሰጡን ጌታው፤ ዕድሜ ይስጥልን፤ የሳቸውን ደግነት ቆጥረን አንጨርሰውም" አለኝ።

ገብቼ እናቴን ጠየቅኳት። አልካደችም። ምን ያስክዳታል? አንድ ልጅ እግር ሠራተኛ ውሃ ጠጥቶ ሲጨርስ ሚስቱ ወልዳ ፊቷን ማየት እንዳማረው፣ ካርድ እንደሌለው ነገራት። እናቴ ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ልጣ ሰጠችው። እሱ ለጓደኛው ሰጠ፤ ጓደኛው ለአገሩ ልጅ ሰጠ። ታዲያ ምን አጠፋሁ አለች። "ዚሩ ሲጎድል አያለሁ፤ አስሞላዋለሁ። ያንተ ነገር መቼ ይታያል? ይጎድላል ብዬ መች አሰብኩ?"

እውነቷን ነው፤ የማይታይ ነገር ሲጎድል በምን ይታወቃል? እኔ ግን ተናድጃለሁ። አንድ ሳምንት ተቃጥያለሁ፤ በሴት ልጅ ፊት በናፍጣ ተዋርጃለሁ። ስለዚህ ያልታረመ ነገር ተናገርኩ። የያሲንን ፊት የበላው ይኼ ነው፤ አንቺ ነሽ የበተንሽው አልኳት። እናቴ መሐረቧን ፊቷ ላይ አደረገች። እንዲያ ስትሆን ያየኋት አባቴ የሞተ ቀን ነው። ምነው ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

ትዕግሥት የይለፍ ቃሉን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም አለች፤ ጣቷን ላፕቶፑ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ቀይሪው ልል አፌን ስከፍት እናቴ ተናገረች። "የእነሱስ እናት?" አለች። እነዚህ ልጆች ዛሬ ነገ ወደ በረሃው ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላ አጨዳው እስኪያልቅ ኔትወርክ የሚባል የለም። እናቶቻቸው የሚያዩአቸው አሁን ነው፤ ካሁኑ በኋላ ማን እንደሚመለስ አላህ ያውቃል። "እኔ የልጄን ፊት ላይ ብዬ የሌላዋን እናት ዓይን ላጥፋ?"

ትዕግሥት ላፕቶፗን ዘጋች። ከእናት ጋር ሙግት የገጠመ መቼ ረትቶ ያውቃል? እናቴ ዱላዋን ይዛ ራሷ ወጣች። ኒሙ ሥር ቆማ ነገ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለአንድ ሰዓት ስልካቸውን እንዲያጠፉላት ለመነች። ምክንያቱን ነገረቻቸው፤ ልጄ ማዶ ነው፣ ታሟል፣ ፊቱ አልታየኝም አለች። ሃያ ሁለት ጎልማሳ መሬት መሬት አየ።

በማግሥቱ ከመስጊድ ስመለስ ያየሁትን ልንገራችሁ። በረንዳችን ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ተሰልፈው ስልካቸውን እያጠፉ ሳፋው ውስጥ ያስቀምጣሉ። እናቴ አጥፉ እንጂ አምጡ አላለችም፤ ይበልጣል ነው "ሰው ነን፣ እጃችን ይበላናል" ብሎ ያመጣቸው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ በጎማ የታሰረ፣ የሕፃን ፎቶ ከጀርባው የተለጠፈ፤ ሳፋው ሞላ። ከዚያ ሁሉም ተመልሰው ጥላው ሥር ቁጭ አሉና እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

ደወልኩ። ያሲን አነሣ።

ክቧ አልመጣችም። ቡናማው ነገር አልመጣም። መጀመሪያ ያየሁት ከኋላው ያለውን ግድግዳ ነው፤ ስንጥቁ ይታያል፤ የቀን መቁጠሪያው ቁጥር ይነበባል። ወላሂ ደስ አለኝ። ይኼ ሁሉ የኔ ሥራ ነው ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ። ከዚያ ያሲንን አየሁት።

የሸሚዙ ኮሌታ ከአንገቱ ርቆ ቆሟል። ሁለት አንገት የሚይዝ ኮሌታ ነው። ጉንጩ ላይ አጥንቱ ወጥቷል። የዓይኑ ነጭ ነጭ አይደለም፤ ቢጫ ነው። ላቡን ለመጥረግ እጁን ሲያነሣ ሰዓቱ ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ተንሸራተተ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አባቴ ሊሞት ሰሞን እንዲህ ነበር። ያሲን እየሳቀ "እማ፣ ዛሬስ እታይሻለሁ? አልወፈርኩም?" አለ።

እናቴ አየችው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ ጉንጩ ላይ አደረገች። እኔ "እንዴታ! ተስተካከለ እኮ" ልል አፌን ስከፍት በሌላው እጇ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። በዚያ ዕድሜዋ እንዲያ የሚያም ቁንጥጫ አላት።

"አይ ልጄ" አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ያው ነው። ድብልቅልቅ ብለህብኛል። ወንድምህ አላሠራውም።"

ያሲን ሳቀ። ከዚያ ያደረገውን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። የማይታይ መሆኑን ሲያውቅ ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስደገፈና ግድግዳውን ተደግፎ ትከሻውን ለቀቀው። ፊቱን ከሥራ አሳረፈው። ድምፁ ግን ሥራውን ቀጠለ፤ ስለ ማሽላው ያወራል፤ ስለ አንድ ቂል ደንበኛው ቀልድ ይነግራታል፤ እዚያ እንዴት ጥጋብ እንደሆነ ያወራል። ድምፁ ሲስቅ ፊቱ ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል። እናቴ በየመሐሉ ትስቅለታለች። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነው አወሩ። እኔ ያን ቀን ኢንተርኔቱ እንዲቋረጥ ዱዓ አደረግኩ፤ እሱ ግን አንዴም አልተቋረጠም።

ሲዘጋ ለምን አልኳት። ስልኩን አሁንም በጉልበቷ ላይ እንደያዘችው ነው። እንደሚታየኝ ካወቀ ይሸፍነዋል አለች። ካሜራውን ያጠፋና ድምፁን ብቻ ይተውልኛል፤ ፊቱን የሚያሳየኝ አታየኝም ብሎ ነው። እሺ፣ ታዲያ አትሄጂም ወይ አልኳት፤ ፈርቼ ነው የጠየቅኩት። ቋጠሮውን ወደ ራሷ ሳበችና መፍታት ጀመረች። "ብሄድ እንዳየሁት ያውቃል። የሚደብቀው ነገር አያገኝም። የሚደብቅ ሰው እኮ ገና ተስፋ አለው፤ እኔ ሄጄ ልቀማው?" በርበሬውን ወደ በርበሬው፣ ሽሮውን ወደ ሽሮው መለሰች። ጋቢውን ግን አልመለሰችውም፤ ለብሳው ተኛች፤ በዚያ ሙቀት።

ሠራተኞቹ ስልካቸውን ሊወስዱ ሲገቡ ይበልጣል ልጅዎ ታየዎት ወይ ብሎ ጠየቃት። ታየኝ፣ አላህ እጃችሁን ይባርከው፣ እናታችሁ አትጣችሁ አለቻቸው። ደስ ብሏቸው ወጡ። በሁለተኛው ቀን ቀጣሪ መጥቶ በጭነት መኪና ወሰዳቸው። አሁን ጥላው ሥር ማንም የለም፤ ኢንተርኔቱን የሚሻማን ሰው የለም። በገንዳ ውሃ እንደኔ ቤት የሚሮጥ ኔት ያለ አይመስለኝም። ትዕግሥት ደውላ አገልግሎቱን እንዴት እንዳገኘሁት ጠይቃኝ ነበር፤ እጅግ ጥሩ ነው አልኳት።

በየጁምዓው እንደውላለን። ያሲን ዛሬም ወፍሬያለሁ ይላል፤ ሳምንት በሳምንት ኮሌታው ይሰፋል። እናቴ አይታየኝም ትለዋለች። እኔም የበኩሌን እዋሻለሁ፤ አመልክቻለሁ፣ ቴክኒሺያን ይመጣል ተብያለሁ፣ ወረፋ ነው እላለሁ። ባለፈው ጁምዓ ግን ያሲን ተቆጣኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአገሩ ትራክተር መለዋወጫ ስታቀርብ ኖረህ አንድ ቀጭን ሽቦ ማስተካከል አቃተህ ወይ አለኝ። ግንባሩ ላይ የወጣውን ላብ አንድ በአንድ እያየሁ፣ አዎ፣ አቃተኝ አልኩት።